ያገለገለ ካሜራ ልገዛ ነው፤ የትኛው ይሻለኛል?

ጥያቄ፦ ውድ አዘጋጆች፣ አራት ኪሎ አካባቢ የምኖር የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ትልቁ ስድስት ዓመቱ ነው፣ ትንሿ ሁለት ልትሞላ ነው። እስከ ዛሬ የማነሳቸው በስልኬ ነው። ደጅ ሲሆን ደኅና ነው፤ ማታ ሳሎን ውስጥ ግን ወይ ይደበዝዛል ወይ ፊታቸው እንደ ሰም ይሆናል። ለፋሲካ እናቴ ከደብረ ብርሃን ስለምትመጣ ከልጆቹ ጋር አሳምሬ ላነሳት እፈልጋለሁ። ሁለት ካሜራ አግኝቻለሁ። አንዱን የሚሸጠው የሰርግ ፎቶ የሚያነሳ የባለቤቴ ጓደኛ ነው፤ ካኖን 700ዲ ከነ18-55 ሌንሱ፣ ከሁለት ባትሪና ከቦርሳው ጋር። ሁለተኛው ፒያሳ አንድ ሱቅ ያየሁት ካኖን 5ዲ ማርክ 2 ነው፤ ሌንስ የለውም። ባለ ሱቁ «ይሄ ፉል ፍሬም ነው፣ የባለሙያ ነው፤ ያኛው መጫወቻ ነው» አለኝ። 5ዲውን ከገዛሁ ገንዘቤ እዚያው ያልቃል፤ 700ዲውን ከገዛሁ ትንሽ ይተርፈኛል። ደግሞ 700ዲው 18 ሜጋፒክስል ሆኖ ስልኬ 50 መሆኑ ግራ አጋብቶኛል። ምን ትመክሩኛላችሁ?

የሁለት ልጆች እናት፣ ከአራት ኪሎ

መልስ፦ እህታችን፣ 700ዲውን ይውሰዱ፤ ከዚህ በታች የምንነግርዎትን ፈተና ካለፈ ማለት ነው። የሚተርፍዎትን ገንዘብ ደግሞ አይበትኑት። ቁጥሯ 1.8 የሆነች ባለ50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ይግዙበት። ማታ ሳሎን ውስጥ ያስቸገረዎትን የምትፈታልዎት እሷ ናት፤ ቦዲው፣ ማለት ያለ ሌንስ ካሜራው ራሱ፣ ያን ያህል ለውጥ አያመጣም።

ባለ ሱቁ ስለ ፉል ፍሬም የነገረዎት ውሸት አይደለም። ፉል ፍሬም ማለት ሰፊ ሴንሰር (ብርሃኑን ተቀብሎ ፎቶ የሚያደርገው ክፍል) ያለው ማለት ነው፤ የ5ዲው ሴንሰር በስፋቱ ከ700ዲው ሁለት እጥፍ ተኩል ይበልጣል፤ በደብዛዛ ብርሃንም የጠራ ፎቶ ይሰጣል። ነገር ግን ይህ ካሜራ እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣ ነው፤ 700ዲው በ2013 ነው የወጣው። 5ዲው ከላዩ ላይ አብሮ የተሠራ ፍላሽ የለውም። ሜሞሪው የተለመደችው ትንሿ ኤስዲ ሳትሆን ኮምፓክት ፍላሽ የሚባለው ሰፊው ዓይነት ነው። እሱን የሚያነብ መሣሪያ ለብቻው መግዛት ይኖርብዎታል፤ ሜሞሪው የሚገባበት ቦታ ውስጥ ያሉት ቀጫጭን መርፌዎችም በግድ ሲገፉ ይታጠፋሉ። ክብደቱ ያለ ባትሪና ያለ ሌንስ 810 ግራም ነው፤ 700ዲው ከነባትሪውና ከነሜሞሪው 580 ግራም። ትንሿን በአንድ ክንድዎ ታቅፈው ለሚያነሱት ለእርስዎ ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም። ከሁሉም በላይ ለሌንስ ምንም አይተርፍዎትም። የ700ዲው 18-55 ደግሞ ለትንሹ ሴንሰር የተሠራ ስለሆነ 5ዲው ላይ አይገጥምም።

የሜጋፒክስሉ ነገር አያስጨንቅዎ። የ700ዲው ፎቶ 5184 በ3456 ነጥብ ነው። በጥሩ ጥራት፣ ማለት በኢንች 300 ነጥብ ቢያሳትሙት 44 በ29 ሴንቲ ሜትር ይወጣል፤ ግድግዳ ላይ ለመስቀል ይበቃል። ባለ 50 የሚባሉት ስልኮች አብዛኞቹ አራት አራት ነጥብ አንድ ላይ አዋህደው ወደ 12 ሜጋፒክስል ገደማ የሚሆን ፎቶ ነው የሚያስቀምጡት። ልጆችዎን እንደ ሰም የሚያስመስላቸውም የነጥብ ማነስ አይደለም። ስልኩ ብርሃን ሲያንሰው ፎቶው ላይ የሚበተነውን አሸዋ መሰል ነገር ለማጥፋት ብሎ ቆዳውንም አብሮ ስለሚያለሰልሰው ነው።

አሁን ወደ ሌንሱ። ሌንስ ላይ የተጻፈው ቁጥር ባነሰ መጠን ብርሃን የሚገባበት ቀዳዳ ይሰፋል። 18-55ቷን ዙም አድርገው 55 ላይ ሲያደርሷት ቁጥሯ 5.6 ነው። ባለ 1.8ቷ ከዚያ ወደ አሥር እጥፍ የሚጠጋ ብርሃን ታስገባለች። በተግባር ምን ማለት ነው? ማታ በሳሎን አምፖል 5.6 ላይ 1/15 ሰከንድ የሚፈጅ ፎቶ፣ 1.8 ላይ በ1/150 ሰከንድ ያልቃል። የሁለት ዓመት ልጅ ዘወር ስትል በ1/15 ፊቷ የተጎተተ ጥላ ይሆናል፤ በ1/150 ሽፋሽፍቷ ይቆጠራል።

ይህቺ ሌንስ ጉድለት አላት፤ ሳያውቁት እንዳይገዙ። በ700ዲ ላይ ጠበብ አድርጋ ነው የምታየው። ሦስት ሜትር ርቀው ቢቆሙ ወደ ጎን 1.3 ሜትር፣ ወደ ላይ 90 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው የሚገባልዎት። አያትና የልጅ ልጅ ተቃቅፈው ሲቀመጡ ልክ ትሆናለች፤ ቤተሰቡ በሙሉ ሶፋ ላይ ሲደረደር ግን አትበቃም። ለዚያ 18-55ቷ አለችልዎት፤ ሰፊ አድርገው በቀን ብርሃን ይጠቀሙባት። ያገለገለች ባለ35 ሚሊ ሜትር፣ ቁጥሯ 2 የሆነች አሮጌ የካኖን ሌንስ ካጋጠመችዎትና ሂሳቡ ከበቃዎት ለሳሎን እሷ የበለጠ ትመቻለች። ባለ 50ዋ ሁለት ዓይነት ናት። እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣችው ከቦዲው ጋር የሚገጥመው ቀለበቷ ፕላስቲክ ነው፤ ፎከስ ስታደርግም ትጮኻለች፤ ከ45 ሴንቲ ሜትር በታች መቅረብ አትችልም። በ2015 የወጣችውና ኤስቲኤም የምትባለው የብረት ቀለበት አላት፣ ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነው፣ እስከ 35 ሴንቲ ሜትር ትቀርባለች። የዋጋ ልዩነቱን ከፍለው ሁለተኛዋን ይውሰዱ።

ሻጩ የሰርግ ባለሙያ መሆኑ በራሱ አያስፈራዎት። ካሜራ አያያዝ ያውቃል። ሥራው ግን ካሜራ ይበላል። በአንድ ሰርግ 1,500 ጊዜ ቢያነሳ በ40 ሰርግ ሻተሩ (ብርሃን ለማስገባት የሚከፈትና የሚዘጋው መጋረጃ) 60,000 ጊዜ ተከፍቶ ተዘግቷል ማለት ነው። ካኖን ለ5ዲ ማርክ 2 ያስቀመጠው የሻተር ዕድሜ 150,000 ነው፤ 700ዲ ከዚያ በታች ላለ ደረጃ የተሠራ ነው። «ስንት አንስቷል?» ብለው ሲጠይቁ የፎቶውን ፋይል ቁጥር ካሳየዎት አይቀበሉት፤ ያ ቁጥር 9999 ሲደርስ ከ1 ይጀምራል። ትክክለኛው ቁጥር የሚገኘው ካሜራውን በኬብል ከኮምፒውተር ጋር አገናኝቶ በፕሮግራም በማንበብ ነው፤ ባለሙያ ከሆነ ይህን ማድረግ አያቅተውም። ሌላም ነገር አለ። ቪዲዮ ሲቀረጽ ሻተሩ ተከፍቶ ይቆያል እንጂ አይቆጥርም። ከጥምቀት በኋላና ከፋሲካ በኋላ ባሉት የሰርግ ወራት ቀኑን ሙሉ ቪዲዮ ሲቀርጽ የከረመ ካሜራ የሻተር ቁጥሩ ትንሽ ሆኖ ሴንሰሩ ግን ለብዙ ሰዓት ሲግል የኖረ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በቁጥሩ ብቻ አይርኩ።

ፈተናው ግማሽ ሰዓት ገደማ ይፈጃል። በቀን፣ ደጅ ወይም መስኮት አጠገብ ይሁን፤ ካፌ ጥግ ላይ ማኪያቶ እየጠጡ የሚያልቅ ነገር አይደለም። የራስዎን 32 ጊጋ ሜሞሪ፣ አንድ ጋዜጣና ስልክዎን ይዘው ይሂዱ። ፎቶዎቹ በእርስዎ ሜሞሪ ላይ ይቅሩ፤ ማታ ቤትዎ በኮምፒውተር አጉልተው አይተው ውሳኔዎን በማግስቱ ይንገሩት።

መጀመሪያ ሌንሱን ከቦዲው ያላቅቁ። የስልክዎን መብራት ከኋላው ያብሩበትና ከፊት በኩል አጋድለው ይመልከቱ። አንድ ሁለት የአቧራ ቅንጣት ፎቶ ላይ አይታይም፤ አይደንግጡ። የሸረሪት ድር የመሰለ፣ ቅርንጫፍ ያለው ነጭ ክር ካዩ ግን ፈንገስ ነው። ክረምቱን እርጥብ በሆነ ቦርሳ ውስጥ ያሳለፈ ሌንስ የሚይዘው በሽታ ነው። የመስታወቱን ልባስ ስለሚበላው ቢጠረግም ጠባሳው ይቀራል። እንደ ትንፋሽ የሚመስል ስስ ጭጋግ ካለም ይተውት፤ ፎቶው ሁልጊዜ ገርጥቶ ይወጣል።

ቀጥለው ሌንሱን መልሰው ይግጠሙና የካሜራውን ማዞሪያ ኤቪ (Av፣ የሌንሱን ቁጥር እርስዎ የሚመርጡበት) በሚለው ምልክት ላይ ያድርጉት። ዙሙን 18፣ 24፣ 35 እና 55 ላይ እያቆሙ በእያንዳንዱ ቦታ ሁለት ሁለት ፎቶ ያንሱ፤ አንዱን በትንሹ ቁጥር፣ አንዱን በ16። የሁለቱ ብርሃን ተቀራራቢ መሆን አለበት። አንዱ ከጨለመ፣ ወይም ካሜራው «ኤረር 01» ብሎ ከቆመ፣ በቦዲውና በሌንሱ ላይ ያሉትን የወርቅ መልክ ያላቸው ትንንሽ ነጥቦች በንጹሕ ደረቅ ጨርቅ ጠርገው እንደገና ይሞክሩ። አሁንም ከደገመው በሌንሱ ውስጥ ያለው ስስ ኬብል ሊቆረጥ ደርሷል። ይህ ኬብል ዙም በተደረገ ቁጥር ይታጠፋል፤ ለዚህ ነው ችግሩ በአንድ የዙም ቦታ ላይ ብቻ ብቅ የሚለው። ሻጩ ሳያውቀው 18 ላይ ብቻ እያነሳ «ይኸው ይሠራል» ሊልዎት ይችላል። አራቱንም ቦታ ራስዎ ይሞክሩ።

ሻተሩን ለማየት ማዞሪያውን ቲቪ (Tv፣ ፍጥነቱን እርስዎ የሚመርጡበት) ላይ ያድርጉና ፍጥነቱን 1/4000 ያድርሱት። ሰማዩን ብቻ አምስት ስድስት ጊዜ ያንሱ፤ ፀሐይዋን አይደለም። በፎቶው ላይኛው ወይም ታችኛው ጫፍ ጥቁር ወይም ጠቆር ያለ መቀነት ካለ መጋረጃው ዘግይቷል ማለት ነው። ይህን ካዩ ዋጋ ቢቀንስልዎትም አይግዙ። ሻተር ማስቀየር የካሜራውን ዋጋ ሊጠጋ ይችላል።

ሴንሰሩን ደግሞ እንዲህ ያዩታል። ወደ ኤቪ ተመልሰው፣ 55 ላይ ሆነው ቁጥሩን 22 ያድርጉ፣ ፎከሱን አጥፍተው ነጭ ግድግዳ ያንሱ። ክብ ክብ ግራጫ ነጥቦች አቧራ ናቸው፤ በጎማ መንፊያ ይነሳሉ፤ በአፍ ግን እንዳይነፉ፣ ምራቅ ይረጫል። ቀጥ ያለ፣ ጽዳት ከተደረገለት በኋላም ቦታውን የማይለቅ መስመር ጭረት ነው፤ እሱ አይጠገንም። ቀጥሎ ክዳኑን ገጥመው፣ ፎከሱን ኤምኤፍ (በእጅ) ላይ አድርገው (አለበለዚያ አያነሳም)፣ በአይኤስኦ 100 (አይኤስኦ ማለት ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት ነው) እና በ1/60 ያንሱ። ጥቁር ፎቶ ይወጣል። አጉልተው ሲያዩት ቀይ ወይም ነጭ ነጥቦች ከበረከቱ ያ ብዙ ቪዲዮ ያለፈበት ሴንሰር ሊሆን ይችላል። በአይኤስኦ 3200 ጥቂት ነጥብ ቢታይ ግን የተለመደ ነው።

የ700ዲ ስክሪን ወደ ጎን ተከፍቶ ይዞራል። ላይቭ ቪው (በስክሪኑ እያዩ ማንሳት) ከፍተው ስክሪኑን ቀስ እያሉ እስከ መጨረሻው ያዙሩት፤ በአንድ ማዕዘን ላይ ምስሉ ብልጭ ድርግም ካለ በማጠፊያው ውስጥ ያለው ኬብል እያለቀ ነው። ከዚያ ሳይቋረጥ መቅረጹን ለማየት 12 ደቂቃ ያህል ቪዲዮ ይቅረጹ፤ እሱ እየቀረጸ እያለ ከሻጩ ጋር ይጨዋወቱ። ባትሪዎቹን አውጥተው ይመልሱ፤ ያበጠ ባትሪ ሲወጣ ይጣበቃል። ፍላሹ ብቅ ማለቱን፣ ቁልፎቹ በሙሉ መመለሳቸውን፣ የታችኛው ብሎኖች ጭንቅላት አለመላጡን ይዩ። የተላጠ ብሎን ካሜራው አንድ ጊዜ ተከፍቶ እንደነበር ይናገራል።

ባለ 50ዋን ሌንስ ሲገዙ ከካሜራው ጋር ይሞክሯት። ጋዜጣውን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው ከአንድ ሜትር ተኩል፣ ከጎን አጋድለው፣ በ1.8 አንድ መስመር ላይ ፎከስ ያድርጉ። የጠራው እርስዎ የመረጡት መስመር መሆን አለበት። ከፊቱ ወይም ከኋላው ያለው ከጠራ ሌላ ሌንስ ይሞክሩ፤ 700ዲ ይህን የሚያስተካክል ሜኑ የለውም።

ክፍያ ላይ የባለቤትዎ ጓደኛ ነው ብለው አይተፋፈሩ። ካሜራው ሆድ ላይ ያለው ተከታታይ ቁጥር ካነሱት ፎቶ ፋይል ውስጥ ከሚገኘው ቁጥር ጋር አንድ መሆኑን በኮምፒውተር ያረጋግጡ። ቁጥሩ፣ ዋጋውና ቀኑ የተጻፈበት አጭር የሽያጭ ውል በሁለት ምስክር ይፈራረሙ፤ ገንዘቡንም በባንክ ወይም በቴሌብር ይላኩ፣ ማስረጃ ይቀራል። ከሱቅ የሚገዙ ከሆነ ደረሰኝና ቢያንስ የአንድ ሳምንት ዋስትና በጽሑፍ ይጠይቁ። የፒያሳ ብዙ ክፍል በ2016 ዓ.ም. ከፈረሰ ወዲህ ብዙ ሱቆች ቦታ ስለቀየሩ ባለ ሱቁ ቋሚ አድራሻ እንዳለው አስቀድመው ይወቁ።

700ዲው ፈተናውን ከወደቀ አይዘኑ። ካኖን 200ዲ ካጋጠመዎት እንዲያውም ይበልጣል፤ እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ ነው፣ በስክሪኑ ሲያነሱም ፎከሱ ፈጣን ነው። ኒኮን ዲ5300 ከ35 ሚሊ ሜትር፣ 1.8 ሌንስ ጋር ለሳሎን ከሁሉም የሚመቸው ነው። ኒኮን ሲገዙ ግን አንድ ነገር አለ። የዲ3000 እና የዲ5000 ተከታታይ ካሜራዎች በውስጣቸው የፎከስ ሞተር የላቸውም፤ ስለዚህ ሌንሱ ላይ «ኤኤፍ-ኤስ» የሚል መኖሩን ይዩ፤ «ኤኤፍ-ፒ» የሚለው በአንዳንድ አሮጌ ሞዴሎች ላይ ፎከስ አያደርግም። «ኤኤፍ» ብቻ ካለ ፎከሱን በእጅ እያዞሩ ነው የሚያነሱት፤ የሚሮጥ ልጅ ደግሞ ያን ጊዜ አይሰጥዎትም። ከአሜሪካ የመጣ 700ዲ ፊቱ ላይ ሬብል ቲ5አይ፣ ከጃፓን የመጣ ኪስ ኤክስ7አይ ይላል፤ ያው ካሜራ ነው። ቻርጀሩ ላይ «100-240» ከተጻፈ በእኛ 220 ይሠራል፤ የሚያስፈልግዎት የሶኬት አዳፕተር ብቻ ነው። መብራት ሲጠፋ ቻርጀሩን ይንቀሉ፤ ሲመለስ የሚመጣው ኃይል ነው የሚያቃጥለው።

ካሜራው ቤትዎ ከገባ በኋላ እንደ ስልክ ከፊትዎ አርቀው በስክሪኑ አያንሱ፤ የ700ዲ ፎከስ በስክሪን ቀርፋፋ ነው፣ ልጅቷ ከቦታው ትጠፋለች። ዓይንዎን ከካሜራው ኋላ ባለው መመልከቻ ቀዳዳ ላይ ያድርጉ። ከዘጠኙ የፎከስ ነጥቦች የመሃሏን ብቻ መርጠው ዓይን ላይ ያሳርፏት። ባለ 50ዋ ሌንስ በ1.8፣ ከአንድ ሜትር ተኩል የምታጠራው ስድስት ሴንቲ ሜትር ያህል ጥልቀት ብቻ ነው። ሁለት ሰው ሲያነሱ ፊታቸው ጎን ለጎን፣ ከእርስዎ እኩል ርቀት ላይ ይሁን፤ ቁጥሩንም ወደ 2.8 ወይም 4 ያሳድጉት።

ማታ በአምፖል ሲያነሱ ቲቪ ላይ 1/100 ያድርጉ፤ አይኤስኦውን አውቶ አድርገው ከ3200 እንዳያልፍ በሜኑ ይገድቡት። 1/100 ያልንበት ምክንያት አለን። የእኛ መብራት በሰከንድ 50 ዙር ስለሚሄድ ሸምበቆ አምፖልና ርካሽ ኤልኢዲ በሰከንድ 100 ጊዜ ብልጭ ይላሉ። ከዚያ ፈጠን ካሉ አንዱ ፎቶ ቢጫ፣ ቀጣዩ ጠቆር ያለ፣ ሌላው ባለ መስመር ይወጣል። በ1/100 ማዕድ ላይ የተቀመጠ ልጅ ይነሳል፤ የሚሮጠውን ግን አይይዝም። ሩጫውን ለቀን ያቆዩት፤ በ1/250 በረንዳ ላይ።

ስለ እናትዎ ፎቶ። በፋሲካ ጠዋት፣ ሦስት ሰዓት ገደማ፣ ፀሐይ በቀጥታ በማይገባበት መስኮት አጠገብ፣ መስኮቱ በጎናቸው እንዲሆን አድርገው ያስቀምጧቸው። አምፖሉን ያጥፉ፤ የመስኮቱ ሰማያዊ ብርሃንና የአምፖሉ ቢጫ ፊት ላይ ሲገናኙ በኋላ አይስተካከልም። ነጭ ልብስ ካሜራውን ያታልለዋል። ሁለቱም ልጆች፣ አያትም በነጠላና በሐበሻ ልብስ ሲሆኑ ካሜራው ቦታው በጣም የበራ መስሎት ያጨልመዋል፤ ነጠላው ግራጫ፣ ፊታቸው ጥቁር ይሆናል። የብርሃን ማስተካከያውን ወደ ፕላስ 2/3 ያድርሱ፤ ፎቶውን አጉልተው የነጠላው ጥለት መስመሩ አለመጥፋቱን ይዩ፤ ከጠፋ ወደ 1/3 ይመለሱ። ነጠላው ግን ይጠቅምዎታልም። እናትዎ ጉልበታቸው ላይ ዘርጋ ሲያደርጉት ብርሃኑን ወደ ላይ ይመልሰውና ከአገጫቸው በታችና ከዓይናቸው ሥር ያለውን ጥላ ያነሳዋል። ትንሿን እዚያ ነጠላ ላይ ያስቀምጧት፤ የእሷም ፊት አብሮ ይበራል።

ቡናው ሲፈላ ዕጣኑ ከሌንሱ ፊት ይራቅ፤ ጭሱ መስታወቱ ላይ ስስ ቅባት ይተዋል። ሲጠርጉ በልብስ ጫፍ አይሁን፤ መጀመሪያ በመንፊያ አቧራውን አንስተው፣ ከዚያ በመነጽር ጨርቅ። ሰኔ ሲገባ ካሜራውን ከቆዳ ቦርሳውና ከቁም ሳጥኑ አውጥተው ክዳኑ በደንብ በሚገጥም የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ፣ ከሲሊካ ጄል ከረጢቶች ጋር ያኑሩት። ሩዝ አይጨምሩ፤ ዱቄቱ ይገባል። በሳምንት አንድ ቀን አውጥተው ያንሱበት።

እናትዎ ከመምጣታቸው በፊት ባለው ሳምንት ትልቁን ልጅ በዚያው መስኮት ሥር አሥር አሥር ደቂቃ ይለማመዱበት። ቅዳሜ ማታ ሁለቱንም ባትሪ ሞልተው፣ ሜሞሪውን ባዶ አድርገው፣ ባለ 50ዋን ገጥመው ልጆች በማይደርሱበት ቦታ ያስቀምጡት።